መሪና ተከታይ፦ በሩጫ ሰልፍ ውስጥ የተራ ቦታ ስላለው ኃይል

(በልደታ፣ አዲስ አበባ፣ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ከሙያችን ያልወጣ፣ ይሁን እንጂ ከአርማታና ከብረት ስሌት ጥቂት የሚያሳርፍ ርእስ እንዳቀርብ ባዘዙኝ ጊዜ፣ ብዙ ሳላመነታ የመረጥሁት ሩጫን ነው። በአገራችን ስለ ሩጫ አስተያየት የሌለው ሰው የለም፤ መሐንዲስም ቢሆን ከዚህ ውጭ አይደለም። ልዩነቱ ምናልባት መሐንዲስ አስተያየቱን በቁጥር እንዲደግፍ የሚገደድ መሆኑ ብቻ ነው።

የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በረጅም ርቀት ውድድር አንድ ሯጭ በሰልፉ ውስጥ የሚይዘው ቦታ፣ ማለት ፊት መሪ መሆኑ ወይም ሁለተኛና አምስተኛ ሆኖ መከተሉ፣ በራሱ በውጤቱ ላይ ምን ያህል ኃይል አለው? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ሁለት ጉዳዮችን አደባልቆ የያዘ ነው። አንደኛው ቦታው ለሯጩ የሚሰጠው ወይም የሚነሣው ነገር ነው። ሁለተኛው ሯጩ ያንን ቦታ እንዲይዝ ያደረገው የራሱ ብርታት ወይም የራሱ ጉድለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይለዩ የሚሰጥ ፍርድ፣ ምሰሶው የተሰነጠቀው በጭነቱ ይሁን በመሠረቱ ሳይጣራ ምሰሶውን እንደ መኰነን ያለ ነው።

በዚህ ዓይነት ጥያቄ ከማንም በላይ የደከሙት አሜሪካውያን ናቸው፤ የደከሙበትም በሩጫ ሳይሆን ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታቸው ነው። በዚያ ጨዋታ ዘጠኝ ሰዎች አሠልጣኙ አስቀድሞ በወሰነው ተራ እየቀረቡ ኳሱን በዱላ ይመታሉ፤ ዘጠነኛው ሲያበቃ ተራው ወደ አንደኛው ይመለሳል፤ ጨዋታው በየትኛው መቺ ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ አይታወቅም። ከዚህ ብቻ አንድ ነገር ያለ ክርክር ይወጣል። በተራው አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ሰው በየጨዋታው በአማካይ የአንድ ዕድል አንድ ዘጠነኛ ያጣል። በዓመት 162 ጨዋታ በሚደረግበት ሊግ ይህ 18 ዕድል ይሆናል፤ በአንደኛውና በዘጠነኛው መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ 144 ነው። ይህ ሰውየው ማንም ይሁን ማን ቦታው ራሱ የሚሰጠው ነው። ሦስተኛና አራተኛ ተራ የሚይዙት ከሌሎቹ የተሻለ ይመታሉ ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አሠልጣኞች ብርቱዎቹን እዚያ ያቆሟቸዋልና፣ የቦታው በረከት ነው ብሎ ማሰብ ምክንያትን ከውጤት ማምታታት ነው። ከኋላው ብርቱ መቺ ያለው ሰው የተሻለ ኳስ ይወረወርለታል የሚለውንም የቆየ እምነት ቁጥር አጥኚዎች ሲፈትሹት ወይ ጨርሶ አላገኙትም፣ ወይ ከተነገረለት በእጅጉ አንሶ አግኝተውታል። እኔም ወደ ራሳችን ሜዳ ስመለስ ይህንን ጥንቃቄ ይዤ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ቦታው ራሱ ከሚሰጠው እንነሣ። ሯጭ አየርን እየገፋ ነው የሚሄደው። የአየሩ ተቃውሞ በእፍጋቱ፣ በአካሉ የፊት ስፋትና ቅርፅ፣ እንዲሁም በፍጥነቱ ካሬ ልክ እንደሚያድግ ለዚህ ጉባኤ መናገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። 10,000 ሜትርን በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ የሚጨርስ ሰው (ወደዚህ ሰዓት በኋላ እንመለስበታለን) በሰከንድ 6.01 ሜትር ይጓዛል። የአየሩን እፍጋት በባሕር ወለል 1.2 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ፣ የአካሉን ስፋት ከቅርፁ ቁጥር ጋር አባዝተን 0.4 ካሬ ሜትር ብንወስድ፣ ተቃውሞው 8.7 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ከአንድ ኪሎ ስኳር ክብደት ጥቂት ያነሰ ነገር በገመድ ታስሮ ለ25 ዙር ሙሉ ወደ ኋላ ሲጎትት ማለት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ወደ 0.92 ስለሚወርድ ተቃውሞው 6.7 ኒውተን ብቻ ነው። ልጆቻችን በእንጦጦና በሱሉልታ የሚለማመዱት በቀጭን አየር ውስጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ደም ስለሚያጠነክር ነው ተብሎም ይነገራል። ሌላው ወገኑ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። እዚህ ፊት መሪ መሆን ርካሽ ነው። ወደ ባሕር ወለል ሲወረድ የመሪነት ዋጋ ከአዲስ አበባው ይልቅ ሲሶ ያህል ይወደዳል።

(ነገሩን ካነሣሁት አይቀር፣ ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው፣ የሜክሲኮ መንግሥት የኢጣልያን ወረራ አልቀበልም በማለቱ ነው እንጂ ብዙ ወጣቶች እንደሚገምቱት በኦሊምፒኩ አይደለም። ሆኖም ያች ከተማ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ለእኛ ርእስ ጥሩ ምስክር ናት። ማሞ ወልዴ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በዚያ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ የቀደመው በ0.6 ሰከንድ ብቻ ነበር። አየሩ ቀሎ ሳለ ሰዓቱ የዘገየው የኦክሲጅኑ እጥረት ከተቃውሞው መቀነስ ስለ በለጠ ነው።)

ተከታዩስ ምን ያተርፋል? ይህንን በመጀመሪያ በጥንቃቄ የለካው እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ግሪፊዝ ፒው ነው። ፒው በ1953 እ.ኤ.አ. ኤቨረስት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ከጉዞው ጋር የነበረ ሰው ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በሰከንድ 6 ሜትር ያህል በሚሮጥበት ጊዜ አየርን መግፋት ከጠቅላላው ጉልበት 7.5 በመቶ እንደሚወስድ፣ ከሌላ ሯጭ ኋላ በአንድ ሜትር ርቀት የሚሮጥ ሰው ደግሞ የኦክሲጅን ፍጆታው 6.5 በመቶ እንደሚቀንስለት አሳየ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዴቪስ የተባለ ሌላ ሊቅ በዚያው ፍጥነት የአየሩን ድርሻ 4 በመቶ ብቻ አድርጎ ገመተው። ሁለቱ አይስማሙም፤ እኔ ግን ለጥንቃቄ ከዴቪስም ጥቂት ዝቅ ብዬ የተከታዩን ትርፍ 3 በመቶ አድርጌ እወስዳለሁ። እናንተ ለሕንፃ የነፋስ ጭነት ስትሠሩ ከሌላ ሕንፃ ኋላ የቆመውን ሕንፃ የምትመለከቱበት ዐይን ይህንኑ ያህል የተጠነቀቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስት በመቶ ምንድን ነው? በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ በመስከረም 1993 ዓ.ም.፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ27፡18.20 እና በ27፡18.29 መካከል ባለው ልዩነት ነበር። ይህ ከጠቅላላው ሰዓት 18,000 እጅ አንዱ ነው። በመጨረሻው ዙር ቀድሞ የተስፈነጠረው ቴርጋት ነው፤ ኃይሌ ከኋላው ነበር። በዚያ ሰዓት ፍጥነቱ ወደ 8 ሜትር በሰከንድ ቢጠጋ፣ ተቃውሞው ከውድድሩ መካከል ከነበረው 1.8 ጊዜ ያህል ይሆናል። ስለዚህም በመጨረሻው ዙር የተገኘች አንዲት ሜትር ከለላ በመካከል ከተገኘችው ትበልጣለች። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ኃይሌ ያሸነፈው በከለላው ነው ማለት አይቻልም። ኃይሌ ከኋላ መቆየትን የመረጠው በመጨረሻው እግሩ ይተማመን ስለ ነበር፣ ቴርጋትም አስቀድሞ የወጣው እስከ መጨረሻው ቀጥታ ቢጠብቅ እንደሚቀደም ያውቅ ስለ ነበር ይሆናል። የቤዝቦሉ ሦስተኛ መቺ ነገር እዚህም አለ።

እንግዲህ ሁለተኛ መሆን ይህን ያህል ከተመቸ ሁሉም ሁለተኛ ለምን አይሆንም? እዚህ ላይ ጂኦሜትሪ ይገባል። የመም ኩርባዎች ሲደመሩ አንድ ሙሉ ክብ ናቸው፤ ስለዚህ በኩርባው ላይ ከውስጠኛው መስመር አንድ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ሯጭ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ፓይ፣ ማለት 6.28 ሜትር ይጨምራል። የኩርባው ስፋት ምንም ይሁን ምን ቁጥሩ አይለወጥም። በ25 ዙር 157 ሜትር ይሆናል፤ በሰከንድ 6 ሜትር ሲታሰብ 26 ሰከንድ ነው። ግማሹን ውድድር ብቻ ወጣ ብሎ የሮጠ እንኳ 13 ሰከንድ ከፍሏል። በእኔ አስተያየት በቴሌቪዥን ሩጫ የምንመለከት ሰዎች ከምንም ነገር በላይ ሳናየው የሚያልፈን ይህ ነው። ነፋስን ሽሽት ከውስጠኛው መስመር ጋር ተጣብቆ ሁለተኛ የሆነ ሯጭ ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት። ከፊቱ መሪው፣ ከጎኑ ሦስተኛው፣ ከግራው የመሙ ድንበር ስለሚይዙት፣ ሌሎች ሲስፈነጠሩ እርሱ መውጫ አጥቶ ይቀራል።

ይህ ቃል ሳይሆን የተፈጸመ ነገር ነው። በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር ፍጻሜ፣ በሐምሌ 1972 ዓ.ም.፣ ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር 300 ሜትር ያህል ሲቀረው በሯጮች መካከል ታጥሮ ነበር። መንገድ የሰጠው የአገሩ ልጅ መሐመድ ከድር ነው፤ ገለል አለለት፤ ምሩጽም ተስፈንጥሮ በ13፡20.91 አንደኛ ሆነ። መሐመድ በዚያ ውድድር ከሜዳሊያ ውጭ ቀረ። የውጤቱን ወረቀት ብቻ የሚያነብ ሰው ስለዚያ አንድ እርምጃ የሚያገኘው ምንም ነገር የለም።

ከአምስት ቀን በፊት የተደረገው የ10,000 ሜትሩ ፍጻሜ ግን ለርእሳችን ዋናው ነው። ምሩጽ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ፊት ወጡ፤ ፍጥነቱንም አንዴ እያፈጠኑ፣ አንዴ እያዘገዩ የሌሎቹን ትንፋሽ አዛቡ። ከኋላቸው የነበሩት ፊንላንዳውያኑ ላሴ ቪረንና ካርሎ ማኒንካ ናቸው፤ ቪረን በሁለት ኦሊምፒክ ይህንኑ ውድድር ያሸነፈ ሰው ነበር። መጨረሻው እንደሚታወቀው ነው። ምሩጽ በ27፡42.7 አንደኛ፣ ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ። ኬንያውያን በዚያ ኦሊምፒክ ባለመገኘታቸው ድሉን የሚያሳንሱ አሉ፤ እኔ ግን የምመለከተው ዘዴውን ነው።

ሦስት ሰዎች እኩል ቢፈራረቁ እያንዳንዱ ከ25ቱ ዙር 8 ያህሉን ይመራል፤ በቀረው 17 ይጠለላል። የ3 በመቶው ትርፍ ለእያንዳንዱ 2 በመቶ ይደርሰዋል። ከኋላ የሚከተለው እንግዳ፣ ለምሳሌ ማኒንካ፣ አንድም ዙር ሳይመራ ሦስቱንም በመቶ ያገኛል። ስለዚህ መፈራረቅ ብቻውን ለሚፈራረቁት የሚያዋጣው ብቻውን ከሚመራ ሰው ጋር ሲነጻጸሩ ነው፤ ሳይመራ ከሚከተለው ጋር ሲነጻጸሩ ግን አንድ በመቶ ይከስራሉ። ሒሳቡ እዚህ ላይ ቢቆም የሞስኮው ዘዴ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጥ ነበር። ማኒንካም በሁለቱ መካከል ገብቶ ብር መውሰዱ ይህን ይመሰክራል የሚል ቢኖር አልቃወመውም።

ሒሳቡን የሚለውጠው የፍጥነቱ መለዋወጥ ነው። ከለላ የሚገኘው በአንድና በሁለት ሜትር ርቀት ውስጥ ነው። መሪው በድንገት ሲፈጥን ክፍተት ይፈጠራል፤ ተከታዩ ከከለላው ይወጣል፤ ተመልሶ ለመግባት ከመሪው የበለጠ መፍጠን ይኖርበታል፤ ያንንም የሚያደርገው ነፋሱን ብቻውን እየተቀበለ ነው። እንደ ደረሰ መሪው ያዘገያል፤ አሁን ደግሞ ከለላው እምብዛም ዋጋ በሌለው ቀርፋፋ ፍጥነት ላይ ነው። ሦስቱ ጓደኛሞች መቼ እንደሚፈጠን ያውቃሉ፤ ሌላው አያውቅም። የማሽን ሰዎች ተለዋዋጭ ጭነት ከቋሚ ጭነት ይልቅ ብረትን እንደሚያደክም ታውቃላችሁ። በሞስኮ የተደረገው ይኸው ነው፤ ለተከታዩ የሚገባው ከለላ በየዙሩ እየተቆራረጠ ይሰጠው ነበር።

አሁን ከዚህ ጋር የቅርቡን እናስተያይ። በፓሪስ ኦሊምፒክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተደረገው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ በሪሁ አረጋዊ፣ ሰለሞን ባረጋና ዮሚፍ ቀጀልቻ በተመሳሳይ መንፈስ እየተፈራረቁ መሩ። ልዩነቱ በአብዛኛው ፈጣንና እኩል በሆነ ፍጥነት መምራታቸው ነው። ውጤቱ በኦሊምፒክ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ሆነ። 13 ሯጮች ቀነኒሳ በቀለ በቤጂንግ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በታች ገቡ። አንደኛ የሆነው ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26፡43.14 ነው፤ በሪሁ በ0.30 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ፣ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር በ0.32 ሦስተኛ ሆኑ። ሦስቱ ልጆች የሠሩት ሥራ ለመላው ሰልፍ የተሠራ የነፋስ ግድግዳ ነበር፤ ከግድግዳው ኋላ ለተሰለፈ ሁሉ ያለ ክፍያ ተሰጠ። በዚያ ሰሞን በየመጠጥ ቤቱ «የቡድን ሥራ ጠፋ» ሲባል ሰምቻለሁ። የቡድን ሥራው አልጠፋም፤ እንዲያውም ሞልቶ ነበር። የጎደለው ተከታዩን ከከለላው የሚያወጣው መለዋወጥ ነው። ሰለሞን ራሱ ከሦስት ዓመት በፊት በቶኪዮ ወርቅ ሲያገኝ ነገሩ በግልባጩ ነበር። ኡጋንዳዊው ስቲቨን ኪሳ ብቻውን ገና ከጅምሩ ቀድሞ ወጣ፤ ዋናው ሰልፍ ግን አልተከተለውም፤ ስለዚህ ለአገሩ ልጆችም ከለላ ሊሆን አልቻለም፤ ራሱም ውድድሩን ሳይጨርስ ወጣ። ሰው የማይከተለው መሪ ነፋስን በከንቱ ይገፋል።

እኩል ፍጥነት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ ግን አይደለም። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ፣ ኃይሌና ስለሺ ስህን አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ በሆኑበት ውድድር፣ ሁለተኛው 5,000 ሜትር ከ13 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተሮጧል። ሦስቱ በዕለቱ ከተቀሩት ሁሉ ይበረቱ ስለ ነበር ከለላው እንኳ ለሌሎቹ አልበቃቸውም። ዘዴ የሚያስፈልገው ኃይል ሲቀራረብ ነው።

ስለ ሴቶቹ ደግሞ ባርሴሎናን ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ከሰልፉ ተነጥላ ስትወጣ የተከተለቻት ደራርቱ ቱሉ ብቻ ነበረች። ሜየር መሪነቱን ብትካፈላት ወደደች፤ ደራርቱ ግን አልተቀበለችም፤ ከኋላዋ ሆና ዙሮቹን ቈጠረች፤ በመጨረሻም አልፋት በ31፡06.02 ገባች። ልዩነታቸው 5.73 ሰከንድ ነበር። ይህ ከጠቅላላው ሰዓት 0.3 በመቶ ነው፤ ለግማሽ ውድድር በከለላ የሚገኘው የጉልበት ትርፍ ከዚህ ይልቃል። በዚያ ፍጥነት፣ በሰከንድ 5.36 ሜትር፣ የአየሩ ድርሻ ከወንዶቹ ጥቂት እንደሚያንስ ብናስብ እንኳ ድምዳሜው አይለወጥም። እንግዲህ ሜየር የተሸነፈችው በቦታዋ ነው ሊባል ይችላልን? ሒሳቡ ይፈቅዳል፤ ግን አያስገድድም። ሜየር ባትመራ ኖሮ ከደራርቱ ጋር በመጨረሻው ዙር ትገናኝ ነበር፤ ያ ደግሞ ደራርቱ የምትመኘው ነው። ደራርቱ ተራዋን አልቀበልም ማለቷን በጊዜው እንደ ንፉግነት የቈጠሩባት ነበሩ። እኔ ያልገባኝ አንዲት ሴት ለተቀናቃኟ ነፋስ የመከለል ግዴታ ከየት እንደ መጣባት ነው።

ከነፋስ ሌላ ቦታ የሚሰጠው ነገር መረጃ ነው። ተከታዩ መሪውን ያያል፤ መሪው ተከታዩን አያይም። ከዚያም በላይ መሪው ስለ ሁሉ ያስባል፤ ፍጥነት ይለካል፤ ዙር ይቈጥራል፤ ተከታዩ ዐይኑን ከፊቱ ባለው እግር ላይ ጥሎ ማረፍ ይችላል። በእንጦጦ የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ልጆቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ሲሮጡ ላየ ይህ ምን ያህል ሥር የሰደደ ልማድ እንደ ሆነ ይገባዋል። ዕረፍቱ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ። በመጋቢት 1973 ዓ.ም. በማድሪድ የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር የእኛ ሯጮች ሌሎቹን ጥለው ሲመሩ፣ አንድ ዙር ገና ሳለ የመጨረሻው ነው ብለው ባላቸው ኃይል ተስፈነጠሩ። አንዱ ሲሳሳት ሌሎቹ ተከተሉት። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ደርሶ አንደኛ ሆነ፤ መሐመድ ከድር እንደ ገና ተነሥቶ ሁለተኛ ወጣ። በአገር አቋራጭ የቡድን ነጥብ የሯጮቹ የተራ ቁጥር ድምር ስለ ሆነ፣ ያ ሁሉ ሆኖ ቡድናችን አንደኛ ነበር። መሐመድ በሚቀጥለው ዓመት በሮም የግሉን ድል አገኘ።

ዛሬ የመሪውን የቈጠራ ሥራ መብራት እየወሰደው ነው። ለተሰንበት ግደይ በመስከረም 2013 ዓ.ም. በቫሌንሲያ 5,000 ሜትርን በ14፡06.62፣ በሰኔ ወር ደግሞ በሄንጌሎ 10,000 ሜትርን በ29፡01.03 ስትሮጥ፣ በመሙ ጠርዝ የሚሄዱ መብራቶች ፍጥነቱን ይነግሯት ነበር። ሁለቱም በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ፤ አሯሯጮቹ ከወጡ በኋላም ብቻዋን ነው የሮጠችው። መብራት ነፋስ አይከልልም። ከለላ በሙሉ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ጥቅምት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በቪየና ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የጨረሰበትን ሙከራ መመልከት ይበቃል። አምስት አሯሯጮች ከፊቱ፣ ሁለት ከኋላው ሆነው እየተተካኩ ሸኙት፤ የኋለኞቹም ያለ ምክንያት አልነበሩም፤ ከሯጩ ጀርባ የሚፈጠረውን የአየር መሳብ ይቀንሳሉና። ሰዓቱ እንደ ክብረ ወሰን አልተመዘገበም፤ ደንቡ እየተተኩ የሚገቡ አሯሯጮችን አይፈቅድምና ነው።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። ዛሬ ሯጭ የሚተዳደረው በሽልማትና በስፖንሰር ነው። አንድን ወጣት «ስምንት ዙር ምራ» ማለት ከእንጀራው ላይ ስጥ ማለት ነው፤ የሚጠየቀውም ብዙውን ጊዜ ከሁሉ ወጣቱ ወይም ከሁሉ ደካማ የሚባለው ነው። በውጤቱ ወረቀት ላይ ግን አሥረኛ ወጥቶ ይታያል፤ ለሚቀጥለው ምርጫ ሲቀርብም አሥረኛ የወጣ ሰው ነው። የሠራው ሥራ ሳይለካ ውጤቱ ብቻ ይለካበታል። እኛ በሙያችን ለአንድ ምሰሶ የተሸከመውን ጭነት ሳናውቅ ዋጋ አንሰጥም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አነስተኛ ነው፤ ገንዘብም የሚጠይቅ አይደለም። በአገር ውስጥ በሚደረጉ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ውድድሮች አንድ መዝጋቢ በየዙሩ መጨረሻ አራት ነገሮች ይጻፍ፦ የዙሩን ሰዓት፣ የመሪውን ቁጥር፣ በመሪውና በሁለተኛው መካከል ያለውን ርቀት በግምት፣ በኩርባው ላይ ከውስጠኛው መስመር ውጭ የሮጡትን። 25 ረድፍና አራት ዐምድ ያለው አንድ ገጽ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ያው ሯጭ ሲመራና ሲከተል እያነጻጸርን፣ የቦታውን ኃይል ከሰውየው ኃይል ለመለየት የሚያስችል መረጃ ይኖረናል፤ ዛሬ የተናገርሁት ግምት ትክክል ይሁን አይሁንም ይታወቃል። አሠልጣኞችም ከውድድሩ በፊት ማን ስንት ዙር እንደሚመራ፣ ለመራውም ከሽልማቱ ምን እንደሚደርሰው በጽሑፍ ሊያስማሙ ይችላሉ፤ የወረቀቱ ሁለተኛ ዐምድ ለዚህ ምስክር ይሆናል።

የቅጹን ናሙና በብራና መጠን ሳይሆን በአንድ ተራ ገጽ አዘጋጅቼ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ።